ከሰማይ የወረደ ጃንጥላ

በጆሃንስበርግ መሐል ከተማ፣ ቀድሞ ጄፒ ይባል በነበረው፣ ዛሬ ግን በራሂማ ሙሳ ስም በሚጠራው ጎዳና ላይ «ሜዲካል አርትስ» የሚባል ሕንፃ አለ። ስሙ እንደሚናገረው ሕንፃው ለሐኪሞች የተሠራ ነበር። ዛሬ በቀድሞዎቹ የምርመራ ክፍሎች ውስጥ ብርድ ልብስ፣ መጋረጃ፣ ጫማ፣ የሐበሻ ቀሚስ፣ በርበሬና ሽሮ ይሸጣል፤ ከሻጮቹም የሚበዙት የአገሬ ልጆች ናቸው። እኔ ሐኪሙ፣ ሐኪሞች ለቀውት ወደ ሄዱት ሕንፃ ቡና ልጠጣ ስሄድ ብዙ ጊዜ በልቤ ፈገግ እላለሁ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በዚያው ቡና ቤት ተቀምጠን ሳለን፣ ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ቴሌቪዥን ከኳስ ጨዋታ በፊት በጃንጥላ ወደ ስታዲየም የሚወርዱ ሰዎች ይታዩ ነበር። ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ ጃንሜዳ አካባቢ ያደጉ አዛውንት ነጋዴ ሲኒያቸውን አስቀመጡና፣ «ዶክተር፣ ያ በዘውዱ ዘመን አውሮፕላን ይዞ ባሕር ዛፍ ላይ የወጣው ፈረንጅ ስሙ ማን ነበር?» አሉኝ።

«ጁሊያን ነው፣ ጋሼ። ፈረንጅ እንኳ አይደለም፤ ጥቁር ነው፣ የትሪኒዳድ ሰው።»

«ጥቁር ፈረንጅ ነዋ!» አሉና ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

እኔም አብሬ ሳቅሁ። ማታ ወደ ቤቴ ስመለስ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ስለዚህ ሰው የሚያወራ ሁሉ የሚያውቀው ባሕር ዛፉን ነው። ይኸው ሰው ከዚያ ከጥቂት ወራት በፊት በአዲስ አበባ ሰማይ ላይ ከሚበር አውሮፕላን ዘሎ፣ በጨርቅ ተንጠልጥሎ በንጉሠ ነገሥቱ ፊት በሰላም መውረዱን የሚያነሳ የለም። ይህን ጽሑፍ የጀመርሁት ስለዚያ ዝላይ ልናገር ብዬ ነው። (ዓ.ም. ያላልሁበት ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢዬ ልብ ይበልልኝ።)

እነሆ የምኖርባት ከተማና ትቻት የመጣሁት ከተማ እኩያሞች ናቸው። እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወደ ፍል ውኃ ወርደው ቤት ያሠሩባትን ቦታ አዲስ አበባ ብለው የሰየሙት በ1879 ዓ.ም. ነው። በዚያው በ1879 ዓ.ም. መባቻ፣ ማለት በ1886 መስከረም ላይ፣ የትራንስቫል መንግሥት በዊትዋተርስራንድ ኮረብታ ላይ የተገኘውን የወርቅ መሬት ለቆፋሪዎች ክፍት መሆኑን አወጀ፤ ጆሃንስበርግም በድንኳን ተወለደች። አንዷን የቤተ መንግሥት ሰፈር፣ ሌላይቱን የወርቅ አምሮት ወለዳቸው። ሁለቱም ዛፍ ያልነበራቸው ከተሞች ነበሩና ሁለቱም ከአውስትራሊያ የመጣውን ባሕር ዛፍ ተከሉ፤ ጆሃንስበርግ ለማዕድን ጉድጓዷ ድጋፍ እንጨት ፈልጋ፣ አዲስ አበባ ለማገዶና ለቤት። በአዲስ አበባ ማገዶ አልቆ ዳግማዊ ምኒልክ ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ ካሰቡ በኋላ፣ ከተማዋን በቦታዋ ያጸናት ይህ ዛፍ መሆኑ የታወቀ ነው። ዛፉን አስታውሱልኝ፤ እመለስበታለሁና።

እነዚህ ሁለት ከተሞች በተወለዱበት ሰሞን በዓለም ላይ አንድ አዲስ የትርዒት ሙያ ተነሣ። በ1887 ጥር ወር ቶማስ ስኮት ባልድዊን የተባለ የሰርከስ ገመድ ተራማጅ በሳን ፍራንሲስኮ ጎልደን ጌት መናፈሻ ላይ ከፊኛ ወደ መሬት በጃንጥላ ወረደ። ነገሩ ጨርሶ አዲስ አልነበረም። ፈረንሳዊው አንድሬ ዣክ ጋርንራን በ1797 በፓሪስ ከፊኛ ወርዶ ነበር። ባልድዊን የለወጠው ነገር ግን ጃንጥላው ዘንግና ክፈፍ የሌለው፣ ተጣጥፎ የሚያዝ ልል ጨርቅ መሆኑ ነው። ያም ሥራው ዕቃው በሻንጣ ሊያዝ በመርከብም ሊጫን የሚችል አደረገው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ የባልድዊን አስመሳዮች ከአሜሪካ እስከ ኒው ዚላንድ፣ ከሆኖሉሉ እስከ ሕንድ በእንፋሎት መርከብ እየዞሩ፣ ሥራ ያለባቸውና መዝናኛ የሌለባቸውን ከተሞች ሁሉ አዳረሱ።

አሠራሩን ላስረዳ፤ ሥዕሉ በዓይናችን ካልታየ የሰዎቹ ድፍረት አይገባንም። በሜዳው ላይ ጉድጓድ ተቆፍሮ ከእርሱ የጭስ ቦይ ይወጣል። በሁለት ረጃጅም ግንዶች መካከል፣ አፉ ወደ ቦዩ የተደፋ፣ ቤት የሚያክል የአቡጀዲ ከረጢት በገመድ ይሰቀላል። ጉድጓዱ ውስጥ እንጨት ይነድዳል፣ ላምባ ይርከፈከፍበታል፣ ጭሱና ትኩሱ አየር ከረጢቱን ይነፋዋል። ከተመልካቹ መካከል የተመለመሉ ጎልማሶች የከረጢቱን ጠርዝ ዙሪያውን ይዘው ይታገሉታል። ትርዒተኛው ከሥር በተንጠለጠለች ዘንግ ላይ ይቀመጣል፤ ጃንጥላው ከከረጢቱ ጎን እንደ ተሰጣ ነጠላ ተንጠልጥሏል። «ልቀቁ!» ሲባል ሁሉም ይለቃል፤ ሰውዬው እንደ ጥይት ይወረወራል። ጭሱ ሳይበርድ መውረድ አለበትና ከፍታው በቃኝ ባለ ጊዜ ማሰሪያውን በቢላዋ ቆርጦ ይወድቃል። ባዶው ከረጢት በአናቱ በታሰረ ክብደት ተገልብጦ ጥቁር ጭሱን እየተፋ ይወርዳል፤ ተመልካቹም ለአንድ አፍታ የትኛው ሰው የትኛው ጨርቅ እንደሆነ መለየት ያቅተዋል።

በነገራችን ላይ በአማርኛችን ፊኛ ማለት የሽንት መያዣውም የሚነፋውም ነው። በሙያዬ ምክንያት ቃሉን ስጽፍ የሚታየኝ የመጀመሪያው ነው፤ አንባቢዬ ይቅር ይበለኝ።

ሙያው ሁለት ችግሮች ነበሩበት። የመጀመሪያው ሰማይ አጥር የሌለው መሆኑ ነው። በሜዳው ውስጥ ትኬት ቆርጦ የገባው ከሚያየው ይልቅ በአቅራቢያው ኮረብታ ላይ በነጻ የተቀመጠው አሻግሮ ያያል፤ ስለዚህ ትርዒተኞቹ ዝላያቸው ሺህዎች እያዩት በድህነት ይኖሩ ነበር። ሁለተኛው የነፋሱ ነገር ነው። የወጣበትን የሚያውቅ ሰው የሚወርድበትን አያውቅም። በ1889 በሆኖሉሉ የወጣውን አንድ ዘላይ ነፋስ ወደ ባሕር ወሰደው፤ አልተገኘም። በ1892 መጋቢት ወር ጃኔት ቫን ታሰል የተባለች አሜሪካዊት በዳካ ከተማ የናዋቡ ቤተሰብ ባዘጋጀው ትርዒት ላይ ወጥታ በጃንጥላ ስትወርድ ዛፍ ላይ ተሰቀለች። ሊያወርዷት የቀርከሃ ዘንጎች አያይዘው ቢያቀርቡላት፣ ያው የተቀጣጠለ ቀርከሃ ከዳት፤ ወድቃም ከቀናት በኋላ ሞተች። ከሰማይ በደኅና ወርዳ የሞተችው ከዛፍ ወድቃ ነው። ዶሊ ሼፐርድ የተባለችው እንግሊዛዊት ደግሞ በ1908 አብራት የወጣችው ጓደኛዋ ማላቀቂያ ገመድ ቢከዳት፣ በሰማይ ላይ እንዳለች ወደ ራሷ ወስዳት ሁለቱም በአንድ ጃንጥላ ወረዱ። ዶሊ ጀርባዋ ተጎድቶ እግሮቿ ለሳምንታት ሽባ ሆነው ቆዩ፤ ድና ደግሞ እንደገና ዘለለች። ከከፍታ ወድቀው ወደ ድንገተኛ ክፍል የሚመጡትን የጆሃንስበርግ ግንበኞች አከርካሪ በራጅ ሳይ ይህችን ሴት አስባታለሁ። ተረከዝ፣ ቁርጭምጭሚት፣ የታችኛው አከርካሪ፤ መሬት የምትመታበት ቅደም ተከተል ምንጊዜም ያው ነው።

የሚያስቀኝም ነገር አለ። አብዛኞቹ የፊኛ ሰዎች ራሳቸውን «ፕሮፌሰር» እያሉ ይጠሩ ነበር። ማንም ዩኒቨርሲቲ አልሾማቸውም፤ ማንም ደግሞ ማስረጃ አልጠየቃቸውም። ማስረጃቸው መሬት ላይ በእግራቸው መቆማቸው ነበር።

ጆሃንስበርግ ለእንዲህ ያለው ሰው የተመቸች ከተማ ነበረች። በተወለደች በአሥረኛ ዓመቷ የተቆጠረው ሕዝቧ ከመቶ ሁለት ሺህ ይበልጥ ነበር፤ የሚበዛውም ወንድ፣ የቀን ደመወዝ ያለው፣ እሑድ ሲመጣ የሚሄድበት የሌለው ነበር። ዛሬ ባቡር ጣቢያው ባለበት የነበረው የዋንደረርስ ሜዳ ክሪኬቱን፣ እሽቅድምድሙን፣ ትርዒቱን ሁሉ ያስተናግድ ነበር። ፈረንሳዊው አልበርት ኪመርሊንግ በ1909 ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ በኢስት ለንደን የደቡብ አፍሪካን ሰማይ በሞተር አውሮፕላን የከፈተ ሲሆን፣ በ1910 ወደ ጆሃንስበርግ መጥቶ በኦሬንጅ ግሮቭ በኩል በረረ፤ አንድ ሰውም መቶ ፓውንድ ከፍሎ አብሮት ወጣ። ጆሃንስበርግ ሰማዩን በትኬት ገዛችው ማለት ነው። ኪመርሊንግ በ1912 ፈረንሳይ ውስጥ በአውሮፕላን አደጋ ሞተ።

የእኛ አገር የሰማይ ታሪክ በትርዒት አልጀመረም። ከዶጋሊ ውጊያ በኋላ ኢጣሊያኖች ወደ ምጽዋ ትልቅ ጦር ሲልኩ በብረት ቱቦ የታመቀ ጋዝና የጦር ፊኛ ጭነው ነበር። በ1888 መጋቢት ላይ አጼ ዮሐንስ ጦራቸውን ይዘው ሰሐጢ ፊት ለፊት በሰፈሩ ጊዜ፣ ከምሽጉ በላይ በገመድ የታሰረ ፊኛ ተንሳፎ ቆፍጣናው መኮንን በመነጽር ይቆጥራቸው ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ሳይዋጉ ተመለሱ፤ ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ደርቡሽም፣ ስንቅም፣ በሽታም አለበት። ይሁን እንጂ የኢትዮጵያ ወታደር ቀና ብሎ በሰማይ ላይ ያየው የመጀመሪያው ሰው ሊያዝናናው የወጣ ሰው አልነበረም።

ሁለተኛውም እንዲሁ ነው። ንጉሥ ተፈሪ ያስመጡት የመጀመሪያው አውሮፕላን፣ «ንሥረ ተፈሪ» የተባለው የፈረንሳይ ፖቴዝ፣ በ1929 ነሐሴ ወር አዲስ አበባ ደረሰ፤ በመስከረም የጀርመኑ ዩንከርስ ተከተለው። ገና ስምንት ወር ሳይሞላቸው፣ መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. በአንቺም ሜዳ በራስ ጉግሣ ወሌ ጦር ላይ አውሮፕላን ተላከ። መጀመሪያ ወረቀት በተነ፤ ራስ ጉግሣ ከንጉሡ ጋር የተጣሉ፣ ከቤተ ክርስቲያንም የተለዩ መሆናቸውን የሚናገር። በኋላ ቦምብ ጣለ። ራስ ጉግሣ በዚያው ቀን ወደቁ፤ ንግሥት ዘውዲቱም በሁለተኛው ቀን ዐረፉ። እንግዲህ በዚያ ዓመት ለአዲስ አበባ ሰው ከሰማይ የሚወርድ ነገር ሁለት ብቻ ነበር፤ ውግዘትና እሳት።

ሁበርት ፎንትለሮይ ጁሊያን የመጣው ከዚህ ከጥቂት ወር በኋላ ነው።

የትሪኒዳድ ዋና ከተማ በሆነችው በፖርት ኦፍ ስፔን ተወልዶ፣ በካናዳ በኩል አድርጎ በ1920ዎቹ መባቻ ላይ ሃርለም የገባ ሰው ነው። በዚያን ጊዜ በአሜሪካ ለጥቁር ሰው በረራ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ስላልነበረ፣ ቤሲ ኮልማን የበረራ ፈቃዷን ለማግኘት ፈረንሳይ ድረስ መሄድ ነበረባት። ቤሲ በ1922 መስከረም በኒው ዮርክ አጠገብ የበረራ ትርዒት ባሳየች ጊዜ በጃንጥላ የዘለለው ጁሊያን ነበር። በ1923 ክላረንስ ቼምበርሊን ይዞት ወጥቶ በሃርለም ሰማይ ላይ ቀይ ልብስ ለብሶ ዘለለ፤ ሊያርፍበት ካሰበው ቦታ ስቶ ፖስታ ቤት ጣሪያ ላይ ወረደ። በዚያው ዓመት እንደገና ቢዘልል የወረደው ፖሊስ ጣቢያ ላይ ነው። ጋዜጦች «የሃርለሙ ጥቁር ንሥር» አሉት። የፊኛ ዘመን ሰዎች ልጅ ነው ጁሊያን። በፊኛ ፈንታ አውሮፕላን፣ በአቡጀዲ ፈንታ ሐር መጣ እንጂ፣ ልብሱ፣ ማስታወቂያው፣ ነፋሱ፣ ጣሪያው ሁሉ ያው ነው።

በ1924 ሐምሌ 4 ቀን፣ ሕዝብ ባዋጣለት ገንዘብ በገዛው፣ «ኢትዮጵያ» ብሎ በሰየመው የባሕር አውሮፕላን ከሃርለም ወንዝ ተነሥቶ አገራችን ድረስ እበርራለሁ አለ። ከደቂቃዎች በኋላ ፍላሺንግ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ወደቀ። ይህም አስቆ ቀርቷል። እኔ የሚገርመኝ ሌላ ነው። ከእኛ መካከል አንድም ሰው ሳይጠራው፣ አንድም ሳንቲም ሳንሰጠው፣ የአገራችንን ስም በአውሮፕላን ጎን ላይ የጻፈ ሰው ነበር።

የጠራው ሰው ስድስት ዓመት ቆይቶ መጣ። በአሜሪካ ተማሪ የነበረው መላኩ በያን፣ ኋላ ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ተመርቆ ዶክተር መላኩ የተባለው፣ ኒው ዮርክ ላይ አግኝቶ በንጉሠ ነገሥቱ ስም ጋበዘው። ዶክተር መላኩ የጥቁር አሜሪካውያንን ሙያ ወደ ኢትዮጵያ ማምጣት የሕይወቱ ሥራ ነበር፤ በስደት የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን በ1937 አቋቁሞ፣ አገሩ ነጻ ስትወጣ ሳያይ በ1940 ኒው ዮርክ ውስጥ ዐረፈ። ቶሎ ያለፈ የሙያ ወንድሜ ነውና ስሙን ሳነሳ አላልፍም።

ጁሊያን በ1930 አጋማሽ አዲስ አበባ ደረሰ። ዘውድ ገና ያልደፉት ንጉሠ ነገሥት፣ መኳንንቱና ሕዝቡ በተሰበሰቡበት ቀን አውሮፕላኑ ወጣ፤ ሰውዬውም ዘለለ። በራሱ ትረካ እንደሚለው ከንጉሠ ነገሥቱ እግር ሥር ነው የወረደው። የጁሊያንን ትረካ በግማሽ ማመን ልማድ ነው፤ በቅርብ መውረዱን ግን ሌሎችም መስክረውለታል። እዚያው የኮሎኔልነት ማዕረግና የኢትዮጵያ ዜግነት ተሰጠው።

እዚህ ላይ ቆም ልበል። አንደኛ፣ ዝላዩ ቀላል አልነበረም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ናት፤ አየሩ ሳስቶ ስለሚቀልል፣ ያው ጃንጥላ ያንኑ ሰው በኒው ዮርክ ከሚያወርድበት በአንድ ስምንተኛ ያህል ፈጥኖ ያወርደዋል። በጃንጥላው ፋብሪካ ስመ ጥር የሆነው ሌስሊ ኧርቪን በ1919 የመጀመሪያውን ዝነኛ ዝላዩን ሲዘልል፣ ያውም በዝቅተኛ አገር፣ ቁርጭምጭሚቱን ሰብሯል። ሁለተኛና ዋናው፣ ቋንቋችን ነው። ፓራሹትን ጃንጥላ ያልነው እኛ ነን። ጃን የሚለው ቃል የንጉሥነት ቃል ነው፤ ጃንሆይ፣ ጃንሜዳ፣ ጃንጥላ። ጃንጥላ በታቦት ላይ የሚዘረጋ፣ በንጉሥ ላይ የሚያዝ ጥላ ነው፤ ከሥሩ ያለው ሰው ማን እንደሆነ የሚነግረን ከላይ ያለው ጨርቅ ነው። እንግዲህ ያ ሕዝብ ከሰማይ ትልቅ ነጭ ጃንጥላ ተዘርግቶ ሲወርድ፣ ከሥሩም ጥቁር ሰው ሆኖ፣ መጥቶም ጃንጥላ በተያዘላቸው ንጉሥ ፊት እጅ ሲነሣ ባየ ጊዜ ምን እንደተሰማው መገመት አያዳግትም። በሳን ፍራንሲስኮ ዋጋው በዶላር፣ በጆሃንስበርግ በፓውንድ የሚተመን የገበያ ትርዒት አዲስ አበባ ሲደርስ የመንግሥት ሥርዓት ሆነ። ኮሎኔልነቱን ብዙዎች እንደ ቀልድ ያዩታል። እኔ ግን ንጉሠ ነገሥቱ የሠሩትን ያውቁ ነበር እላለሁ። ከአንቺም ወዲህ ሰማዩን ከፍርሃት በቀር በሌላ ነገር መሙላት ያስፈልጋቸው ነበር፤ ይህ ሰው አንድ ቀን ሞላላቸው።

ባሕር ዛፉ ግን ቀረበ። ከለንደን በስጦታ የመጣች፣ ንጉሠ ነገሥቱ የሚሳሱላት ጂፕሲ ሞዝ የምትባል ትንሽ አውሮፕላን ነበረች። ለዘውዱ በዓል ሲዘጋጅ፣ በጥቅምት ወር፣ ጁሊያን ያለ ፈቃድ አስነሣት። አልነካትም ብሎ መካድ አልቻለም፤ ሁሉም አይቶታል። ከፈረንሳውያኑ አብራሪዎች ጋር ስለማይስማማ፣ ሆን ተብሎ ተበላሽታብኝ ነው ሲል ኋላ ተከራክሯል። እኔ የሚመስለኝ ይበልጥ ተራ ነው። በዚያ ከፍታ የትንሿ ሞተር ጉልበት አንድ አምስተኛ ያህል ይቀንሳል፤ ክንፉም የሚደገፍበት አየር ይሳሳል። በባሕር ጠለል አገር የለመደ እጅ ሜዳው ዳር ያለውን ዛፍ አልፈዋለሁ ብሎ ሲገምት አያልፈውም። ከሁሉ በላይ ጁሊያን መውደቅ የሚያውቅ ሰው ነበር፤ መብረርን ያን ያህል አያውቅም። ባሕር ዛፉ ላይ ወጣ፤ አውሮፕላኗ ተሰበረች፤ እርሱ ዳነ። ዳካ ላይ ጃኔትን የገደለ የዛፍ ዕጣ አዲስ አበባ ላይ ጁሊያንን አሳቀበት። በዚያው ሰሞን የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች፣ ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊ፣ ሥልጠናቸውን ጨርሰው ነበር፤ በዓሉ ያለ እርሱ አልጎደለም። ከዘውዱ ቀን ከጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በፊት ከአገር እንዲወጣ ታዘዘ።

ይህን ሰው ለምን እንዲህ እንደምሟገትለት አንባቢዬ ሊጠይቅ ይገባል፤ ልመልስ። አባቴ በኦጋዴን ጦርነት ወደቀ። እኔ በ1979፣ በአሥራ ሁለት ዓመቴ፣ እንደኔ ካሉ ልጆች ጋር በመርከብ ወደ ኩባ ተላክሁ። እዚያ አደግሁ፤ እዚያ ሕክምና ተማርሁ። ጆሃንስበርግ ስደርስ ዲግሪዬን እንዲመረምር የተሰጠው መሥሪያ ቤት ሦስት ዓመት ተኩል አስቀመጠው። አንዱ ጸሐፊ በእስፓኝኛ የተጻፈውን ወረቀቴን ገልብጦ እያየ፣ «ይህ የምን ትምህርት ቤት ነው?» ብሎ ከጎኑ ካለው ጋር ሲሳሳቅ በመስኮቱ በኩል ቆሜ ሰምቻለሁ። በዚያ ሁሉ ጊዜ በጄፒ ጎዳና ብርድ ልብስ እየተሸከምሁ ሸጥሁ። አንድ ቀን ከደንበኛዬ አንዲት ሴት መንገድ ላይ ራሷን ስታ ወደቀች። ብርድ ልብሱን ጥዬ የምሠራውን ሠራሁ። ስትነቃ፣ አጠገባችን የቆመው ጥበቃ፣ «ይህ ብርድ ልብስ ሻጭ ነው፣ አትመኑት» አለ። እውነት ነበር፤ ብርድ ልብስ ሻጭ ነበርሁ።

ስለዚህ «ማስረጃህ የታለ?» የሚለው ሳቅ ሲሰማ ጆሮዬ ይቆማል። ጁሊያን የበረራ ፈቃድ አለኝ ሲል አልታመነም፤ አለማመኑ ምክንያት ሳይኖረው አልቀረም። ሲዘልል ግን ማስረጃው በሁሉ ፊት ነበር። ደግሞም የአንዲት አገር ዜጋ ተብሎ በወራት ውስጥ የተባረረ ሰው ምን እንደሚሰማው፣ ከአንዱ አገር ወደ ሌላው ስንገፋ ለኖርነው ማንም ሊያስረዳን አያስፈልግም።

ጠበቃ ነኝና ጥፋቱን እሰውራለሁ ማለት ግን አይደለም። ጁሊያን በ1935 ጦርነቱ ሲቃረብ ተመልሶ መጣ። በዚያው ዓመት ከቺካጎ የመጣው ጆን ሮቢንሰን፣ ቁም ነገረኛው፣ ሳይናገር የሚሠራው፣ የአየር ኃይሉ አዛዥ ሆኖ ነበር። ሁለቱ በነሐሴ ወር አዲስ አበባ ውስጥ በቡጢ ተያያዙ፤ ጁሊያን ከአየር ኃይሉ ርቆ እግረኛ ወታደር እንዲያሠለጥን ተላከ። ዓመቱ ሳያልቅ አገሩን ለቆ አሜሪካ ሲደርስ ስለ ኢትዮጵያና ስለ ንጉሠ ነገሥቱ ክፉ ተናገረ፤ ከዚያም ወደ ኢጣሊያ ሄዶ ስሙን በኢጣሊያንኛ አድርጎ ተጠራ። ሙሶሊኒን ልገድል ያደረግሁት ተንኮል ነበር ሲል በ1964 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ተናግሯል። ማን ያምነዋል? ሮቢንሰን እስከ መጨረሻው ከእኛ ጋር ቆየ፤ ከነጻነት በኋላ ተመልሶ አብራሪዎች አሠለጠነ፤ በ1954 አዲስ አበባ ውስጥ በአውሮፕላን አደጋ ሞቶ እዚያው ተቀበረ። የሚገባውን ክብር በዘገየም ጊዜ አግኝቷል። ሁለቱን አንድ ላይ መዝኑልኝ አልልም። ሮቢንሰንን የምናከብርበት አፍ ጁሊያን አንድ ቀን የሠራውን ለመናገር ይበቃል እላለሁ እንጂ።

ሁለቱ በተጣሉ በአራተኛው ወር፣ በ1935 ታኅሣሥ መጨረሻ፣ የኢጣሊያ አውሮፕላኖች በተከዜ በኩል የመርዝ ጋዝ መጣል ጀመሩ። በመጀመሪያ በቦምብ፣ በኋላ እንደ ዝናብ በመርጨት። ቆዳን የሚያቃጥለው ዓይንንና ሳንባን የሚያበላሸው ይህ ፈሳሽ በሐኪም ቤት መጽሐፋችን ውስጥ ገጽ አለው፤ ስናጠናው የሚያስተምሩን ስለ ኢፕር ነው፤ ስለ ተከዜ ግን ማንም አላስተማረኝም። ሕዝቡ ቀና ብሎ ያየው በስድስት ዓመት ውስጥ ወረቀት፣ ቦምብ፣ አንድ ጃንጥላ፣ ከዚያም ይህ ነው።

ከዚያች ቅዳሜ በኋላ በሌላ ቅዳሜ ወደ ሕንፃው ሄድሁና የዝላዩን ታሪክ ለጋሼ ነገርኋቸው። ጸጥ ብለው ሰሙኝ። አባታቸው በልጅነታቸው ያወሯቸው ባሕር ዛፉን ብቻ መሆኑን ነገሩኝ።

«ሲዘልል ግን ደኅና ነው የወረደው?» አሉኝ።

«ደኅና ነው የወረደው፣ ጋሼ።»

«ንጉሡስ ምን አሉት?»

«ኮሎኔል አደረጉት።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ሌላም ሊጠይቁኝ ሲሉ ከሶዌቶ የመጣች ደንበኛቸው ስለ ባለ ሁለት ሰው ብርድ ልብስ ዋጋ ጠየቀቻቸውና ተነሡ። እኔም ቡናዬን ጨርሼ ወጣሁ። ከመሐል ከተማ ወደ ሰሜን ስነዳ ሳክሰንወልድ በሚባለው ሰፈር አልፋለሁ፤ ድሮ ለማዕድኑ ተብሎ በሚሊዮን የሚቆጠር ዛፍ የተተከለበት ነው። ከባሕር ዛፎቹ ጥቂቶቹ ዛሬም በግቢዎቹ መካከል ቆመዋል። ዝናብ ሲመታቸው የሚሰጡት ሽታ የእንጦጦ ሽታ ነው። በ1930 ጥቅምት ያ ሰው ወደ ጅቡቲ በሚወርደው ባቡር ሲሄድ፣ ለዘውዱ የተጠሩት የዓለም እንግዶች በዚያው ሐዲድ ወደ ላይ ይመጡ ነበር።